አረንጓዴው ሳይሞት

ጠባሴ ነግቷል። ሣሩን ውርጭ አንጥቶት፣
የቧንቧችን አንገት ሌሊት አቆርፍዶት፣
ፀሐይ እስኪያላላው ደጃፍ ተቀምጬ
እሸት እፈለፍላለሁ፣ ሰፌዱን ከጉልበቴ መሃል አስቀምጬ።
የመጨረሻው ነው፤ ሳምንት ቢያድር ይደርቃል፣
ኅዳር ሲጋመስ ባቄላም እንደ ሰው ቆዳው ይጠነክራል።

የቅርፊቱ ውስጥ ነጭ ሱፍ ነው።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ከማበጠሪያው ማሽን ሥር ለቆመ ሰው
ይህን መንካት ማለት
የጥንት ባልደረባን መንገድ ላይ አግኝቶ ትከሻ መግጨት ነው።
እያንዳንዷ ፍሬ ብርድ ልብሷን ለብሳ
ተኝታለች ገና፤ እኔ ነኝ የማስነሳ።

አስካለ አልጋ ላይ ነች።
ከሆስፒታል ወዲህ ምላሷ ጠፍቶባት
ሽሮው አፈር አፈር፣ እንጀራው ወረቀት፣
ማሩ እንኳን ብረት ብረት ይላታል።
«ምን ልሥራልሽ?» አልኳት።
ግድግዳውን ስታይ ቆየችና፣
«አረንጓዴ» አለች።
«አረንጓዴ ምን?»
«አረንጓዴ ብቻ። ቀድሞኝ የሚሸት።»

እትዬ ደጊቱ ባጥር አጮልቃ
እጄን ከባቄላ፣ ቢላ ከጎኔ አይታ፣
«ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ» አለችኝ፤ ሳቀች እስኪበቃት፣
ሳቋን ስትጨርስ ጓሮዋ ገባች፣
በሶብላ፣ ድንብላል፣ አንዲት ዘለላ ጤና አዳም
በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አሻገረች።
«ጤና አዳሙን ነክረህ ቶሎ አውጣው፤
ከቆየ ሾርባ አይደለም፣ መድኃኒት ነው የምታጠጣው።»

ጦስኙ የምንዳዬ ነው፣ የአይሱዙ ሾፌሩ፣
ጉም መንገድ ሲዘጋው ጣርማ በር ላይ ቆሞ
ከገደሉ አፋፍ የነጨው ጎንበስ ብሎ።
ሎሚውንም እሱ ከሸዋ ሮቢት ነው ያመጣው፤
ብርድ ያበቀለውና ሙቀት ያበሰለው
በአንድ ጋቢና ውስጥ
አብረው ዳገት ወጥተው እኔ ቤት ደረሱ።

ድስቱን ጣድኩ።
«ሽንኩርቱን አታቁላው!» ከመኝታ ቤት ድምፅ።
«እንዴት አወቅሽ?»
«ሲንጫጫ ሰማሁት። ዘይቱ ውስጥ ይለስልስ እንጂ አይቅላ።
በርበሬውን ደግሞ እንዳትነካ፤
ከቀላማ ወጥ ነው፣ ወጥ መቼ አማረኝ።»
በርበሬውን አልነካሁም።
ነጭ ሽንኩርት ወቀጥኩ፣ ሁለት ቃሪያ ሰነጠቅኩ፣
ባቄላውን ገንፎል አድርጌ
ሁለተኛ ልብሱን በጣቴ ጫን እያልኩ ገፈፍኩት፤
ብቅ አለ እርቃኑን፣
ሐምሌ ላይ እንደሚታይ የበሬሳ ዳር መስክ።
«ግማሹን ሙቀጫ፣ ግማሹን እንዳለ ተወው፤
የሚታኘክ ነገር ይኑረው።»
እሺ።
«ቅጠሉን እሳት ላይ እንዳትጨምር፣ አረንጓዴው ይሞታል።
አውርደህ መቶ ቁጠር።»
አወረድኩ። ቆጠርኩ፣ እንደ ማታ ፈረቃ፣
ማሽን ሲቆም ፀጥታውን እንደምንቆጥረው።
ዘጠና ላይ ትዕግሥቴ አለቀ።
በሶብላው፣ ድንብላሉ፣ ጦስኙ ከነግንዱ፣
ሎሚውን ጨመቅኩት፤
ሽታው እኔን አልፎ፣ በሩን ገፍቶ ገባ።

በነጭ ጎድጓዳ ሳህን አቀረብኩላት።
አንድ ማንኪያ ቀመሰች።
እኔ ዓይኗን አላየሁም፤ ጉሮሮዋን ነው ያየሁት።
ሁለተኛ ማንኪያ። ፊቷ ተጨማደደ።
አለቀ፣ አልኩ በሆዴ፤ ይኸም አፈር ሆነባት።

«ጨው የለውም» አለች።

ከሦስት ወር በኋላ። «ጨው የለውም»!
ረስቼዋለሁ፤ ቅጠል ስቆጥር፣ ቁጥር ስቆጥር
ዋናው ተረስቷል፤
እሷ ግን የሌለውን አገኘችው።
ማዕድ ቤት ሮጥኩ፣
የጨው ጣሳ ፊት ቆምኩ፣
ክዳኑ እምቢ አለኝ ወይ እጄ እምቢ አለኝ፤
ደጅ ቧንቧው መንጠባጠብ ጀምሯል፣
ዓይኔ የረጠበው በሽንኩርቱ ነው።

«ሰውዬ! ቆመህ ቀረህ እንዴ? ይቀዘቅዛል እኮ!»